ኪቦርዱ ላይ የተገኘው ቢጫ

«ፊደል የማይገባው እጅ ወረቀት ማጠፍ ይበቃዋል።»

ይህን ያለኝ አሠሪዬ ቬላዩዳም ነው። ለብቻዬ ጠርቶኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። እሱ ግን ካርድ አጣፊዎቹ ሴቶች፣ የማተሚያው ሠራተኛ፣ ካርዳቸውን ሊያዩ የመጡ የሙሽራ ዘመዶች ሳይቀሩ በተሰበሰቡበት ነው የተናገረው። ያኔ ትንሿ ልጄ ገና ጥርስ ታበቅል ነበር። ዛሬ ጸጉሯን ራሷ ጎንጉና ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ግን ያቺን ንግግር ይዤ ተኝቼ ይዤ እነሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ከተማ ሲቫካሲ ውስጥ ሰው የሚተዳደረው በርችት ወይም በወረቀት ነው። እኔ የወረቀቱ ነኝ። ቬላዩዳም ቤት የሠርግ ጥሪ ካርድ ይታተማል። ካርዱ ታጥፎ ሲያልቅ አራቱ ማዕዘኖቹ ላይ በጣት እርድ ይነካል፤ እርድ ያልነካው ጥሪ ማንም ቤት አይገባም። ስለዚህ የአጣፊ ሴት ጣት ሁልጊዜ ቢጫ ነው፣ በሳሙናም አይለቅም። እኔ ጠዋት አጥፌ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቬላዩዳም ራሱ እያሳየኝ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ማውጣት እማር ነበር። የፊተኛው ሠራተኛው ጥሎት ወደ ቼናይ ስለሄደ ሰው ቸግሮት ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የታሚል ፊደል ቀስ እያልኩ አነባለሁ። ፕሮግራሙ ያለበት እንግሊዝኛ ግን ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ቢሆንም ኮምፒውተሩን እንደ ኩሽናዬ ለመድኩት። ኩሽናዬ ውስጥ ጨው የት እንዳለ ጣሳው ላይ አላነብም፤ እጄን እሰዳለሁ፣ አገኘዋለሁ። መቁረጫው በግራ በኩል፣ ቀለሞቹ በቀኝ ጠርዝ፣ የፊደል ዓይነቶቹ ከላይ። ቦታቸው ላይ እስካሉ ድረስ ማንም አይቀድመኝም ነበር። ያ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻ ካርዱ ላይ የት ቢቀመጥ እንደሚያምርበት ዓይኔ ወዲያው ያውቃል። ይህን ቬላዩዳምም ይመሰክራል፤ ባይወድም።

ከዚያ ሥራ በዝቶ ካርድ ክፍቱን ትቼ ባደርኩበት ማግስት፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ የአንድ ሙሽራ አጎቶች ከኋላዬ ተደርድረው ተቀመጡ። የማን ስም ከማን ስም በላይ ይጻፍ ብለው የሚጣሉት እዚያው ስክሪኑ ፊት ነው። ስክሪኑን አበራሁት። ምንም የለም። ግራው ባዶ፣ ቀኙ ባዶ፣ ላዩ ባዶ። ካርዱ ብቻውን ነጭ ሜዳ ላይ እንደ ተጣለ ቁጭ ብሏል። እጄን ብሰድ የምይዘው የለም። ቬላዩዳም መጥቶ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለ፣ በቁልፎቹ መሃል በጥፍሩ ጫረ፣ ጣቱንም ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። ቢጫ።

«እዚህ ቤት ኮምፒውተር ከሚነኩት ውስጥ እጁ ቢጫ የሆነ ማነው?» አለ።

ሁሉም ጣቴን አየ። እኔም አየሁት። ቢጫ ነበር። ምን እላለሁ? ያኔ ነው ያንን የተናገረው።

ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ላይ ቴንሞሊ ተቀመጠች። ማዱራይ ተምራ የመጣች፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ያላት ልጅ ናት። የማናት? የማተሚያው ሠራተኛ የኤሊላን እጮኛ! የጀርባውን በር ቁልፍ የያዘው ደግሞ ማን ነበር? ኤሊላን። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔም ያንኑ አሰብኩ። እጮኛውን ሊያስቀምጥ ስክሪኔን አጠፋብኝ ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ነፈግኩት።

ቴንሞሊንም ከማጠፊያው ጠረጴዛ ሆኜ እከታተላት ነበር። መጥፎ ልጅ አይደለችም። ሻይ ስትጠጣ «አካ፣ ትንሽ አልቀዳልሽም?» ትለኛለች፤ ከእኔ የሚያንስ ሁሉ አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ነው የሚለኝ። ግን ሁለት ነገሯ አይጥመኝም ነበር። አንደኛ፣ በሌላው ቀን ሁሉ ዘግይታ እየሮጠች የምትመጣ ሴት አርብ አርብ ከሁላችንም ቀድማ ትገኛለች። የምን አርብ ነው? ሁለተኛ፣ ግንባራችን ላይ የምንለጥፋትን ቀይ ነጥብ አንዷን አንስታ ኪቦርዱ ላይ፣ ከላይኛው መስመር አንዷ ቁልፍ ላይ ለጥፋታለች። ሴት ነጥቧን መስታወት ላይ ስትለጥፍ አውቃለሁ፤ እኔም እለጥፋለሁ። ኪቦርድ ላይ ግን ለምን?

ቬላዩዳም ደግሞ ቁስሌን መነካካት አይሰለቸውም። «ቴንሞሊ ከመጣች ወዲህ ያ ስክሪን ጠፍቶ ያውቃል? አንድ ቀን?» ይላል እኔ እየሰማሁ። አልጠፋም። አለመጥፋቱ ነበር ይበልጥ የሚያስጠረጥረኝ። አጥፊው ቤት ውስጥ ከሆነ፣ የሚፈልገውንም ካገኘ፣ ለምን ያጠፋል?

ዘንድሮ ቴንሞሊ አረገዘች። በሰባት ወሯ የእጅ አምባር አጥልቀንላት፣ እንደ ወጉ ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ቴንካሲ ሄደች። ታይ የሚባለው የሠርግ ወር ገብቷል፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው፣ ቬላዩዳም ሰው የለውም። ማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፔቺያማ፣ ቴንሞሊ እስክትመለስ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

«ወረቀት ማጠፍ ይበቃዋል የተባለው እጄስ?»

«እሱን እስከ ዛሬ ታስታውሺዋለሽ?»

«እርስዎ ረሱት?»

«አንቺስ የቤተ መቅደስ ዝሆን ነሽ፤ የወጋሽን ሰው አትረሺም። ስሚ፣ ያ ስክሪን ዳግመኛ እንግዳ ፊት ባዶ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ዕለት ከማዱራይ ሰው አስመጣለሁ። አንቺም ወደዚህ ጠረጴዛ ትመለሻለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አፍሽ ላይ አይምጣ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። አጣፊዎቹ ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ ያደረግኩት ያቺን ቀይ ነጥብ በጥፍሬ ልጬ መጣል ነው። አላመንኳትም። ከእኔ በኋላ የተቀመጠ አይቅናው ተብሎ የተለጠፈ ቢሆንስ?

እስከ ሐሙስ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። ሐሙስ ማታ የጀመርኩትን ካርድ ክፍቱን ትቼ ስክሪኑን ብቻ አጠፋሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። የኮምፒውተሩ ሳጥን አንዴ ከጠፋ ለመነሳት ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያስጠብቃል፤ ስለዚህ አናጠፋውም። ሲያዩት ጨለማ ነው፣ የተኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ነቅቶ ያድራል።

አርብ ጠዋት ስክሪኑን አበራሁት። ባዶ።

ግራው የለም፣ ቀኙ የለም፣ ላዩ የለም። ደግነቱ ቬላዩዳም ወረቀት ሊያነሳ ወጥቷል፣ እንግዳም ገና አልመጣም። ተነስቼ በቀጥታ ወደ ጀርባ ሄድኩ። ኤሊላን ማተሚያው ሥር ቁጢጥ ብሎ የሩዝ ቂጣውን፣ ኢድሊውን፣ ሳምባር ወጥ ውስጥ እየነከረ ይበላል።

«ምን አደረግክብኝ?» አልኩት።

«ምን አደረግኩሽ አካ? ቁርሴን ነው የምበላው።»

«የጀርባው በር ቁልፍ ያለው አንተ ጋ ነው።»

«ቀለም ጠዋት ስለሚመጣ ነዋ።»

«ያኔም አንተ ጋ ነበር። እጮኛህም ሥራ ትፈልግ ነበር።»

የያዘው ኢድሊ ከእጁ ሳምባሩ ውስጥ ወደቀ። «እንዴ! ይህን ሁሉ ዘመን ስታላምጪ የከረምሽው እሱን ነው? እኔ እኮ ሰላም የማትዪኝ ሳላውቅ እግርሽን ረግጬሽ ይመስለኝ ነበር። ሚስቴን እንኳ ‹የፔቺ አካን እግር መቼ ነው የረገጥኩት?› ብዬ ጠይቄያታለሁ።»

«አታስቀኝ።»

«ማን ሊያስቅሽ ይችላል! ይኸው እጄን እይ።» ሁለቱንም ዘረጋቸው። እስከ ክርኑ ጥቁር ቀለም ነው። «ልጄ እንኳ ሲወለድ ባቅፈው አሻራዬ ጀርባው ላይ የሚቀር ነው የሚመስለኝ። ያንን ኪቦርድ ብነካው የከሰል ጆንያ አይመስልም ነበር?»

ተመልሼ ኪቦርዱን ወደ ብርሃን አዘነበልኩት። ጥቁር የሚባል የለም። በቁልፎቹ መሃል ግን ቢጫ አለ። እርጥብ ነው፣ የዛሬ ነው። ጣቶቼን አየሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ እርድ አልነካሁም፤ ቀስ በቀስ ለቆ ጠርተዋል። ይህ ቢጫ የእኔ አይደለም። የእኔ ካልሆነ የያኔውም የእኔ ላይሆን ነው። ታዲያ የማን ነው? ዞር ብዬ አጣፊዎቹን ሴቶች አየኋቸው። ሁሉም እጃቸው ቢጫ ነው። አንዷ አየችኝና ፈገግ አለች፤ የፈገግታዋ ነገር አላማረኝም።

ኤሊላን ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ መጣ። «በይ እንኪ፣ የመሥሪያ ቤቱን ምሁር ጠይቂ። እኔን ግን ልቀቂኝ።»

«አካ!» አለች ቴንሞሊ ከቴንካሲ። «ካርዶቹ እንዴት ናቸው?»

«ካርዶቹን ተያቸው። ስክሪኑ ባዶ ነው፣ ዕቃዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል።»

ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ «ዛሬ አርብ ነው እንዴ? እዚህ ተኝቼ ቀኑም ጠፍቶብኛል» አለች።

«አርብ መሆኑ ምን ይጨምርልሻል?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው። ስሚኝ አካ፣ ቀላል ነው። ካርዱን አስቀምጪና ፕሮግራሙን ዝጊው። መልሰሽ ስትከፍቺው ቀይ ነጥብ ያለባትን ቁልፍ ተጫኚና ሳትለቂ ቆዪ።»

«ነጥቧን ልጬ ጥያታለሁ።»

«ለምን?»

«አላመንኳትማ።»

«ነጥቧን?»

«የለጠፈቻትን።»

ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ እንደምትስቅ ከድምፅዋ ታወቀኝ። «እሺ፣ ላይኛው መስመር ላይ ስምንት ቁጥር ያለባት ናት። ቁጥር መቼም ታውቂያለሽ። ትንሽ ሳጥን መጥታ ትጠይቅሻለች፤ በግራ ያለውን ተጫኚ። ሁሉም ነገር መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሲገባ እንደነበረው ይሆናል።»

እንዳለችው አደረግኩ። ፕሮግራሙ እየተከፈተ ቁልፏን ሳልለቅ ቆየሁ። ሳጥኗ መጣች፣ ግራውን ነካሁ። መቁረጫው በግራ በኩል ተመለሰ፣ ቀለሞቹ በቀኝ ጠርዝ ተደረደሩ፣ ፊደሎቹ ላይ ወጡ። ቤቴን ዘርፈው ጣሳዬን ሁሉ በየቦታው መልሰው የሄዱ ያህል ሆነብኝ። ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። ይህች ናት? አንዲት ቁልፍ ናት ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀት ያሳጠፈችኝ?

ሳምንቱን ሙሉ ግን የበላኝ ሌላ ነው። ባዶ ሆነ ስላት «አርብ ነው እንዴ?» አለች። ሐሙስም ማክሰኞም ልትል ትችል ነበር። አርብ አለች። አርብ አርብ ማልዳ የምትመጣ ሴት አርብ አለች።

ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። ባሌ ራት ላይ «ማን ምን አለሽ?» ሲለኝ እሱንም አየሁት። ቬላዩዳምን ከሁሉ በላይ ጠረጠርኩት። ከማዱራይ ሊያመጣው ያሰበው ዘመዱ ቢሆንስ? ራሱ አጥፍቶ ራሱ ሊያባርረኝ ቢሆንስ? እሱ ሲያልፍ እጁን አያለሁ። ከምሳ በኋላ ታጥቦም ቢሆን አያለሁ። «ምን ሆነሻል ሴትዮ፣ ቀለበቴን ልትሰርቂ ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

ሐሙስ ማታ ኤሊላንን ቁልፉን ስጠኝ አልኩት።

«ስትጠረጥሪኝ የነበረውን ቁልፍ?»

«እሱኑ።»

«እንግዲህ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ሌባዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ሰላም አልልሽም» ብሎ ሰጠኝ።

አርብ ገና ጎዳናው ሳይጠረግ በጀርባ በር ገብቼ ከወረቀቱ ቁልል ጀርባ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ እንደተውኩት ጨለማ ነው። ጥቂት እንደቆየሁ የፊት ለፊቱ መዝጊያ ተንኳኳና ወደ ላይ ተነሳ። ቬላዩዳም ነው ብዬ ወገቤን ያዝኩ። የገባችው እናቱ ናት፣ እማማ ቫዲቩ።

ቤታቸው እዚያው ፎቁ ላይ ነው። ታጥባ ነጭ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ የነሐስ ሳህኗን ይዛ መጣች። አርብ አርብ የሥራ ዕቃዎቹን እንደምትባርክ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንገባ በማተሚያውም፣ በመቁረጫውም፣ በኮምፒውተሩም ግንባር ላይ የሰንደል እንጨት ቅባትና የቀይ ዱቄት ምልክት እናያለን። አይተን እናልፋለን። ማን ቆሞ ያስባል?

መብራቷን ለኮሰች። የማተሚያውን መዘውር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የስክሪኑን ፊት ጠረገች፣ ሳጥኑን ጠረገች። በመጨረሻ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በጨርቁ ከዳር እስከ ዳር፣ ወዲያና ወዲህ፣ አሻሸችው። «ልጄን ደህና አድርገሽ አብዪው እሺ? የሰው ዓይን አያግኝሽ» ትላለች። ከዚያ ጣቷን እርድ የገባበት የሰንደል ቅባት ውስጥ ነክራ በየጠርዙ ነካ ነካ አደረገችው።

እኔ ከወረቀቱ ጀርባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የተኛ መስሏታል። ነቅቶ ነው። በጨርቁ የተጫነችውን ቁልፍ ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይሰማል።

ያኔም ቢሆን አልለቀቅኳትም። የሚያውቅ ሰው ሥራ ይሆን እንዴ? ብዬ ፊቷን አጠናሁት። የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን ወተት መስሏል። እንደ ዕጣን የምታነደውን ካምፎር ለኩሳ ነበልባሉን ሦስት ጊዜ አዞረችለት፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ወጣች። ስክሪኑን አበራሁት። ባዶ።

ፕሮግራሙን ዘግቼ ስምንቷን ቁልፍ ይዤ ከፈትኩ፤ ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ቴንሞሊ ጋ ደወልኩ።

«ታውቂ ነበር» አልኳት።

ለምን እንደደወልኩ አልጠየቀችም። «አይተሻታል ማለት ነው» አለች።

«ለዚህ ነው አርብ አርብ ማልደሽ የምትመጪው። ማንም ሳያይ ትመልሺዋለሽ።»

«ገና ስገባ አንድ አርብ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። በሚቀጥለውም። ሦስተኛው ላይ ቀድሜ መጥቼ አየኋት። ለቤቱ አዲስ ነበርኩ አካ። የባለቤቱን እናት ጸሎትሽ ሥራ ያበላሻል ብዬ የምናገር ማን ነኝ?»

«ለእሷ ለምን አልነገርሽም አላልኩም። እኔ በምን ምክንያት ከወንበሩ እንደተነሳሁ ባልሽ ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ?»

እናቷ ከኋላ «ማናት? ተኚ እንጂ» ስትል ይሰማል። «ብናገር ወንበሩ ያንቺ ነበራ አካ» አለች ቴንሞሊ።

ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ከዚያ ቤት ሰዎች እውነቱን ሳትጠቀልል የሰጠችኝ እሷ ብቻ ናት። «ውሃ ጠጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ» ብዬ ዘጋሁት። ይቅር ማለቴ አይደለም።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ እንደ ቴንሞሊ አርብ አርብ እየማለድኩ መመለስ እችል ነበር። ማንም አያውቅም፣ ወንበሩም እሷ እስክትመለስ በእጄ ይቆያል። ከዚያ ትመጣለች፣ እኔም ወደ ማጠፊያው፣ ያችን ንግግር እንደያዝኩ። አይሆንም።

በተከታዩ ሐሙስ ፎቁ ላይ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ከቪሩዱናጋር የእንጨት ነጋዴ ቤተሰብ የልጃቸውን ካርድ ሊያዩ እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ቬላዩዳም ሳምንቱን በሙሉ የሚያወራው እሱን ነው። እማማ ቫዲቩ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«እማማ» አልኳት፣ «ነገ ሲባርኩ ሁላችንም ብንቆም ደስ ይለናል። ለብቻዎ ለምን ይደክማሉ? ኮምፒውተሩንም አበራልዎታለሁ፤ ፊቱ በርቶ ይባረክ።»

ዓይኗ እንባ አዘለ። «እስከ ዛሬ ይህን ያሰበ የለም። ልጄም ይቁም፣ በጣም ሰነፈ።»

አርብ ሁላችንም ቆምን። ቬላዩዳም እጆቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ከፊት፣ ኤሊላን ለአንድ ቀን ታጥቦ ከጎኑ፣ አጣፊዎቹ ከኋላ፣ እኔ ከስክሪኑ አጠገብ። በርቷል። ካርዱ መሃል ላይ ነው፤ ዕቃዎቹ በግራና በቀኝ በየቦታቸው። እማማ ማተሚያውን ጨርሳ ኪቦርዱን አነሳች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ወሰደችው።

ላይኛው ረድፍ ብድግ ብሎ ጠፋ። ጨርቁ ሲመለስ ግራው ሄደ። ቀለሞቹም ተከተሉ። ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ!» አለችና አፏን ያዘች። እማማ አልሰማችም፤ «ልጄን አብዪው» እያለች በቢጫ ጣቷ ጠርዙን ነካ ነካ ታደርጋለች። እኔ ስክሪኑን አላየሁም፣ የቬላዩዳምን ፊት ነበር የማየው። እጆቹ እንደተጋጠሙ ቀሩ።

እማማ ግንባራችን ላይ አመድ ቀባችን፣ የእኔን ጉንጭ ዳበሰች፣ ኤሊላን ክንዷን ደግፎ ወደ ፎቁ አወጣት። ከውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ።

«መጡ» አለ ቬላዩዳም በሹክሹክታ። «ፔቺያማ፣ መመለሱን ታውቂበታለሽ?»

«አውቅበታለሁ።» እጆቼን አጣጥፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ መልሺው!»

«መጀመሪያ እርስዎ ያሉትን ይመልሱ።»

«እናቴን ልታዋርጂብኝ ነው?»

«እማማን ማንም አላዋረደም፤ ባርከውን ነው የወጡት። የተዋረድኩት እኔ ነኝ። ያውም እዚሁ፣ እነዚሁ ሴቶች ፊት።» ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየሁት። «ያኔ ቢጫውን በጥፍርዎ ጭረው ሲያሳዩ የማን እንደሆነ አላወቁም ነበር?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። የቀን መቁጠሪያ የሚታይበት ሰዓት አልነበረም። እስከ ዛሬ ስለዚያ አስተያየቱ አስባለሁ፤ ልቤም አልጠራም።

በሩ ላይ ጫማ ሲያወልቁ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ያስላል።

«የፔቺያማ እጅ አልነበረም» አለ ቬላዩዳም ወደ መሬት።

«አጣፊዎቹ አልሰሙም።»

«እኛስ ሰምተናል አካ» አለች አንዷ ከኋላ፣ «ግን ቢደገም አንጠላም።»

«የፔቺያማ እጅ አልነበረም!» ጮኾ ነው ያለው፤ በሩ ላይ ያለው ሽማግሌ ሳሉን አቆመ። «ያለ ጥፋቷ ነው ያስነሳኋት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በቃሽ?»

«ቴንሞሊ ስትመለስስ?»

«ሌላ እገዛለሁ!»

«ሌላ ምን? ሌላ ኮምፒውተር ነው ወይስ ሌላ ሰው?»

«ኮምፒውተር ነው አንቺ ሴትዮ፣ ኮምፒውተር! አንቺ እዚያው ነሽ! በእናቴ ይዤሻለሁ፣ ተጫኚው!»

ሴቶቹን ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም ሰምተዋል። ከግንባሬ ቀይዋን ነጥብ አነሳሁና ስምንት ቁጥር ያለባት ቁልፍ ላይ ለጠፍኳት። ፕሮግራሙን ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹ እየገቡ «እሺ፣ የታላቅ አጎቱ ስም የት ጋ ነው?» ሲሉ፣ መልሼ ከፈትኩትና ነጥቧን ተጭኜ ያዝኩ።